ፈቃዱ የእኛ፣ ተራራው የማን? ኤፍ ኤም ሬዲዮ በተራራማ አገር

ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርድ አውቶቡስ ውስጥ ሬዲዮ ሲከታተል የቆየ ተሳፋሪ ነገሩን ያውቀዋል። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጠመዝማዛዎች ድምፁ ይሻክራል። ቀጥሎ ይመጣል ይሄዳል፤ ዜናው ግማሽ ዓረፍተ ነገር ላይ ተቆርጦ የሹሹታ ድምፅ ይተካዋል። ድልድዩ ጋ ሳይደረስ ሹፌሩ ሰልችቶት ሙዚቃውን ከፍላሽ ይከፍታል። ወደ ደጀን ሽቅብ ሲወጣ ያው ጣቢያ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይመለሳል። ጣቢያው አልተቋረጠም፤ ኃይሉም አልቀነሰም። ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል የወረደው አድማጩ ነው።

ስለ አካባቢ ሬዲዮ ስንነጋገር ወሬው ቶሎ ወደ ባለቤትነት ይሄዳል። የመንግሥት ነው፣ የነጋዴ ነው፣ የማህበረሰቡ ነው እንባባላለን። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ በተራራማ አገር ግን ብቻውን አይበቃም። ማይክሮፎኑ የማን እንደሆነ ከማወቅ እኩል፣ ማሰራጫው የተተከለበት ከፍታ፣ ወደዚያ የሚያወጣው መንገድና እዚያ የሚደርሰው የኤሌክትሪክ መስመር የማን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ፈቃድ ያለው ሁሉ አይሰማም፤ ጥሩ ከፍታ የያዘ ግን ይሰማል። ምክንያቱን ለመረዳት ትንሽ ፊዚክስ መታገስ ግድ ነው።

የኤፍ ኤም ጣቢያዎች የሚሠሩት ከ87.5 እስከ 108 ሜጋ ኸርዝ ባለው የሞገድ መስመር ላይ ነው። መሃል አካባቢ ያለውን 98 ሜጋ ኸርዝን ብንወስድ የሞገዱ ርዝመት ሦስት ሜትር ገደማ ይሆናል። እንዲህ ያለ ሞገድ የእንጨት ግድግዳና የዛፍ ቅጠል ብዙም አያግደውም፤ ተራራ ግን ያግደዋል። ባሕርዩ ለብርሃን ይቀርባል፤ አንቴናው የሚያየውን ቦታ ያገኛል፣ የማያየውን በአብዛኛው ይስታል። ርቀቱን በግምት ለማስላት የሚረዳ ቀላል ቀመር አለ። አንቴናው ከዙሪያው መሬት በስንት ሜትር ከፍ እንደሚል ይያዝ፤ የዚያ ቁጥር ስኩዌር ሩት በ4.1 ይባዛ፤ ውጤቱ ኪሎ ሜትር ነው። 100 ሜትር ከፍ ያለ አንቴና 41 ኪሎ ሜትር ያህል ያያል። 900 ሜትር ከፍ ያለ ደግሞ 123 ኪሎ ሜትር። መሬቱ ሜዳ ከሆነ ነው ታዲያ።

ሰው ስለ አንድ ጣቢያ ሲጠይቅ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ዋት ነው?» ብሎ ነው። እኔ ግን ዋቱን በሦስተኛ ደረጃ እንኳ አላስቀምጠውም። በገላጣ መሬት ላይ ርቀቱን በእጥፍ ለማሳደግ ኃይሉ አራት እጥፍ መሆን አለበት። ከ1 ኪሎ ዋት ወደ 2 ኪሎ ዋት ያደገ ጣቢያ ዕድገቱን በማስታወቂያ ያበስራል እንጂ አብዛኛው አድማጭ ልዩነቱን በጆሮው አይለየውም፤ የነዳጅና የመብራት ሒሳብ ከፋዩ ግን በሚገባ ይለየዋል። ሸንተረር ከተጋረጠ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ከአንቴናው ወደ አድማጩ የሚሄደው መስመር የሸንተረሩን ጫፍ ታክኮ ሲያልፍ ብቻ እንኳ የሚደርሰው ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። አድማጩ ከዚያ መስመር ዝቅ ባለ ቁጥር ጥላው ይጠልቃል፤ ሸለቆው ግርጌ ላይ ሲደርስ ከመቶ አንዱ፣ ከሺህ አንዱ ብቻ ቢቀር አያስገርምም። ይህን በዋት እናካክስ የሚል ሰው ማሰራጫውን ሺህ ጊዜ ሊያሳድገው ነው።

ጥላ ውስጥ ያለ ሰው ሁልጊዜ ምንም አይሰማም ማለት ግን አይደለም። ከፊት ለፊት ያለ ገደል ሞገዱን መልሶ ያነጥረዋል። ነጥሮ የመጣውና በሌላ መንገድ የደረሰው ሲገናኙ አንድ ቦታ ላይ ይደጋገፋሉ፣ ሌላ ቦታ ላይ ይጠፋፋሉ። ከሚጠፋፉበት ነጥብ እስከሚደጋገፉበት ያለው ርቀት የሞገዱ ሩብ፣ ማለትም ለ98 ሜጋ ኸርዝ 76 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ሊሆን ይችላል። «እዚያ መስኮቱ ሥር አስቀምጪው፣ እዚያ ይሻለዋል» የሚሉ እናቶች ይህን ያለ ቀመር ደርሰውበታል። ስልክ የጆሮ ማዳመጫ ካልተሰካበት ኤፍ ኤም አልከፍትም የሚለውም ገመዱ አንቴናው ስለሆነ ነው፤ ጠቅልሎ ኪስ ውስጥ መክተት አንቴናን አጥፎ እንደማስቀመጥ ይቆጠራል። ሌላም የማይወራለት ነገር አለ፦ ስቴሪዮ፣ ማለትም ድምፅን ለግራና ለቀኝ ለይቶ ማስተላለፍ፤ ሳይለይ በአንድ ሲተላለፍ ሞኖ ይባላል። በስቴሪዮ የሚመጣ ስርጭት ሳይሻክር ለመሰማት ከሞኖ በብዙ እጥፍ የበረታ ሞገድ ይፈልጋል። ሬዲዮኑ መቀየሪያ ካለው ወደ ሞኖ መመለስ ብቻ ሹሹታውን በእጅጉ ይቀንሰዋል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ጣቢያው ራሱ ቢያስብበት ነው። ዜና፣ የእህል ዋጋና የእርሻ ምክር ለሚያስተላልፍ የገጠር ጣቢያ ስቴሪዮ ጌጥ ነው፤ በሞኖ ቢያሰራጭ አንዲት ሳንቲም ሳያወጣ ሽፋኑን ያሰፋ ነበር።

ተራራማ አገር ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑም መታወቅ አለበት። በብዙ የዓለም ክፍሎች ሰው የሚኖረው ሸለቆው ውስጥ ነው፤ ተራራው ደን ወይም በረዶ ነው። በእኛ ደጋ ነገሩ ይገለበጣል። ብዙው ሰው ከላይ ሜዳው ላይ ሰፍሯል፤ ዓባይ፣ ተከዜ፣ በሽሎና ጀማ መሬቱን ቆርጠው ወደ ታች ወርደዋል። አንዱ አምባ ከሌላው አምባ ይተያያል። ስለዚህ ደህና ከፍታ ላይ የተተከለ አንድ ማሰራጫ የደጋውን ነዋሪ ከሩቅ ሳይቀር ያገኘዋል፤ ጥላው የሚወድቀው ቆላው ላይ ነው። ደጋው ከዳር እስከ ዳር በሚሰማበት አውራጃ ውስጥ ሁለት ሰዓት ቁልቁል የሚያስኬድ ቀበሌ ጭራሽ ላይሰማ ይችላል። በካርታ ላይ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከስድስት ኪሎ ሜትር ላይበልጥ ይችላል።

«እንግዲያው ከሁሉ ከፍ ወዳለው ጫፍ መውጣት ነዋ!» የሚል አይጠፋም። ጮቄም ጉናም ከ4,000 ሜትር በላይ ናቸው፤ ራስ ዳሸን ከ4,500 ይበልጣል። ነገር ግን አንቴና ኃይሉን በአብዛኛው የሚልከው አግድም ነው። ከተማው እግሩ ሥር ከሆነ ሞገዱ በነዋሪው ራስ ላይ አልፎ ይሄዳል፤ አንቴናውን ወደ ታች አዘንብሎ ማቆም የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። በጣም ከፍ ያለ ማሰራጫ ሌላም ጣጣ አለው። ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በዚያው ሞገድ የሚሠራ ሌላ ጣቢያ ላይ ሊገባበት ስለሚችል፣ ሞገድ የሚያከፋፍለው አካል ወይ ኃይሉን ይቀንስበታል ወይ ፈቃዱን ያጠብበዋል። መብረቁ፣ ነፋሱና በክረምት የሚጠፋው መንገድ ሲጨመር፣ ከጫፉ ይልቅ ከተማውንም ቆላውንም ከጎን የሚያይ መካከለኛ ሸንተረር ብዙ ጊዜ ይመረጣል። እንዲህ ያለው ሸንተረር ደግሞ በየአካባቢው አንድ ወይም ሁለት ቢገኝ ነው። ገና የባለቤትነቱ ጥያቄ ከዚህ ይጀምራል።

ከዚያ በፊት ስለ ቀድሞዎቹ ሞገዶች ጥቂት ልበል። መካከለኛ ሞገድ ርዝመቱ በመቶዎች ሜትር ስለሚለካ ኮረብታን ታጥፎ ያልፋል፤ መሬትን ተከትሎ ስለሚሄድ ግን ደረቅና ድንጋያማ መሬት ቶሎ ያደክመዋል። አጭር ሞገድ ወደ ሰማይ ይወጣና ከላይኛው አየር ነጥሮ ስለሚወርድ ለተራራ ደንታ የለውም፤ ገደል ውስጥ ያለውንም ሰው ከአናቱ ላይ ያገኘዋል። የአማራ ሬዲዮን በ6090 ኪሎ ኸርዝ፣ የኢትዮጵያ ሬዲዮን በገጃ ማሰራጫ በአጭር ሞገድ ሲያዳምጡ የኖሩ አባቶች «ድሮ ይሰማ ነበር» ሲሉ ትዝታ ብቻ አይደለም፤ ልክ ናቸው። የአጭር ሞገድ ችግሩ ብዙ ኪሎ ዋት መፈለጉ፣ ድምፁ መዋዠቁና ዛሬ የሚሸጡት ስልኮች አለመቀበላቸው ነው። አንድ ወረዳ ብቻውን የሚገዛው ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ሽፋን ካርታ። ጣቢያዎች በቀለም የተቀባ ካርታ ያሳያሉ፤ «ይህን ያህል ወረዳ እንሸፍናለን» ይላሉ። ውሸት ነው አልልም፤ አንድ ነገር ግን ሳይነገር ይቀራል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለኤፍ ኤም ያወጣው መለኪያ በገጠር ለሞኖ 48፣ ለስቴሪዮ 54 ዴሲቤል የሞገድ ጥንካሬ ይጠይቃል፤ ይህ የሚለካው ደግሞ ከመሬት 10 ሜትር ከፍ ያለ አንቴና ላይ ነው። አሥር ሜትር! የሦስት ፎቅ ቁመት ማለት ነው። የገበሬው ሬዲዮ ያለው ግን ቆርቆሮ ክዳን ሥር፣ መደብ ላይ ነው። በካርታው አረንጓዴ የተቀባ ቀበሌ ውስጥ ቤቱ ተቀምጦ ምንም የማይሰማ ሰው ሲያጋጥም ካርታውም ሰውየውም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ካርታ የሚያሳይን ሰው መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ «በስሌት ነው ወይስ በመኪና ዞራችሁ ለካችሁ?» የሚል ነው።

በሕጉ በኩል ያለውን ለማየት የአዋጅ ቁጥር 533/1999ን ክፍፍል መያዝ ይበቃል። የሕዝብ፣ የንግድና የማህበረሰብ ስርጭት ብሎ ለየ። የማህበረሰብ ሬዲዮ ለትርፍ አይቋቋምም፤ የሚመሠርተው በአንድ አካባቢ የሚኖር ወይም የጋራ ጥቅም ያለው ሕዝብ ነው፤ በዕቅዱና በአመራሩም እንዲሳተፍ ይጠበቃል። በኋላ የመጣው አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ተቆጣጣሪውን የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን አድርጎ፣ ቀድሞ ተዘግቶ ለነበረው ለሃይማኖት ስርጭትም በር ከፈተ። በየትኛውም ሕግ ግን ፈቃድ ማለት ሞገዱን ለተወሰነ ጊዜ፣ በተወሰነ ቦታና ኃይል መጠቀም እንጂ የግል ንብረት ማድረግ አይደለም።

ገበያው ምን እንደሚመርጥም ታይቷል። የንግድ ፈቃድ ያገኙት የመጀመሪያዎቹ ጣቢያዎች፣ ሸገርና ዛሚ፣ ሥራ የጀመሩት አዲስ አበባ ላይ ነው። ልወቅሳቸው አይደለም። ነጋዴ አንቴናውን የሚያቆመው ማስታወቂያ ከፋይ ባለበት ነው፤ አንድ ማማ ተክሎ ሚሊዮኖችን የሚያገኝ ሰው ለሦስት ሺህ የቆላ ነዋሪ ሌላ ማማ ለምን ይተክላል? ስለዚህ ተራራማው ገጠር የሚቀርለት የመንግሥት ጣቢያ፣ የማህበረሰብ ጣቢያ፣ ወይም ባለሙያዎቹ ሪፒተር የሚሉት ከሌላ ቦታ የመጣውን ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ማሰራጫ ነው።

ሪፒተርን ከጣቢያ ጋር ማምታታት የተለመደ ስሕተት ነው። ሁለቱም ሽፋን ያስገኛሉ፤ በካርታ ላይ አይለዩም። የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን መቀመጫውን ባሕር ዳር አድርጎ በኽምጥኛ፣ በአዊኛና በኦሮምኛ ጭምር ያስተላልፋል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በዋግ ተራሮች ውስጥ የራስን ቋንቋ ከሬዲዮ መስማት ቀላል አይደለም። ነገር ግን የሪፒተሩ ማማ ምንም ያህል ቢቀርብ ማይክሮፎኑ ሩቅ ነው። ማታ የተናደ አፈር መንገዱን ቢዘጋ ማማው አጠገብ የቆመ ሰው ያንን በማማው በኩል መናገር አይችልም፤ ወሬው መጀመሪያ ዋናው ስቱዲዮ ደርሶ፣ እዚያ ዜና ሆኖ መመለስ አለበት። ሽፋን የመስማት ነገር ነው፤ ባለቤትነት የመናገር። በሜዳ አገር ሁለቱን ለየብቻ ማሰብ ይቻላል፤ በተራራ አገር ግን ለመናገርም የራስ ከፍታ ስለሚጠይቅ ሁለቱ አንድ ጥያቄ ይሆናሉ።

ይህን አንድ ያደረገ ቦታ ከዋሺንግተን ዲሲ በስተምዕራብ፣ በመኪና ጥቂት ሰዓታት ርቀት ላይ አለ። በአፓላቺያ ተራሮች ውስጥ የሚገኘው የዌስት ቨርጂንያው ፖካሆንታስ ካውንቲ ከ2,400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ሲኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ቆጠራ ነዋሪው ስምንት ሺህ አይሞላም ነበር። በዚያ ላይ ግሪን ባንክ የሚባለው የጠፈር ማዳመጫ ተቋም እዚያው ነው፤ የዛሬው ቴሌስኮፑ ሳሕን 100 ሜትር ይሰፋል። ከጠፈር የሚመጣው ደካማ የሬዲዮ ሞገድ እንዳይረበሽ ሲባል እ.ኤ.አ. በ1958 ወደ 34,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የሬዲዮ ጸጥታ ቀጠና ታወጀ፤ በውስጡ ቋሚ ማሰራጫ የሚተክል ሁሉ አስቀድሞ ከተቋሙ ጋር መመካከር አለበት። ተራራ፣ የሕዝብ ማነስና የሬዲዮ ጸጥታ ሕግ ተደራርበው የመጡበት አገር ነው። ነጋዴ አልመጣም።

ነዋሪዎቹ የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው እ.ኤ.አ. በ1981 የራሳቸውን ጣቢያ ከፈቱ። ኤፍ ኤም ለቴሌስኮፑ ስለሚያሰጋ የመረጡት መካከለኛ ሞገድን፣ 1370 ኪሎ ኸርዝን ነው፤ የሞገዱ ርዝመት 219 ሜትር ስለሆነ ሸንተረሩን ታጥፎ ማለፍ ይችላል። ዋጋ አስከፍሏቸዋል። መካከለኛ ሞገድ ማታ ከሰማይ ነጥሮ ሩቅ ስለሚሄድና የሌሎችን ጣቢያዎች ስለሚረብሽ ፈቃዱ ለቀን ብቻ ነበር። ፀሐይ ቶሎ በምትጠልቅበት በበረዶው ወራት፣ አመሻሹ ላይ ሰው ከሥራ ሲገባ፣ ጣቢያው ይዘጋል። የአገሪቱ ደንብ አንድ ቀዳዳ ትቷል፤ የሰው ሕይወትና ንብረት አደጋ ላይ ሲወድቅ የቀን ጣቢያ ማታም መሥራት ይችላል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1985 የግሪንብራየር ወንዝ የካውንቲውን ዋና ከተማ ማርሊንተንን ሲያጥለቀልቅ፣ የትኛው ድልድይ የት እንዳለ ከስሙ ጋር የሚያውቅ ጣቢያ በአካባቢው መኖሩ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው።

ከዚያ በኋላ ያደረጉት ይበልጥ ይማርከኛል። ከሸንተረሩ ማዶ፣ በቨርጂንያ በኩል ያሉት የሃይላንድና የባዝ ካውንቲዎችም ሬዲዮ አልነበራቸውም። ማኅበሩ ማሰራጫውን አግዝፎ እነሱን ለመሸፈን አልሞከረም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በየሸለቆው ትንሽ ጣቢያ ከነስቱዲዮው ተከፈተ፤ ፕሮግራም ይጋራሉ፣ የቀብር ማስታወቂያውንና የትምህርት ቤት መዘጋቱን ግን እያንዳንዱ ለራሱ ያነባል። ዛሬ አሌጌኒ ማውንቴን ሬዲዮ በሚል ስም ይታወቃሉ። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ የአሜሪካ ትልልቅ ኩባንያዎች ተቃራኒውን እያደረጉ ነበር፤ እ.ኤ.አ. የ1996 የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ በአገር ደረጃ አንድ ባለቤት የሚይዛቸውን ጣቢያዎች ብዛት ገደብ ካነሳ በኋላ ክሊር ቻነል የተባለው ድርጅት ከ1,200 በላይ ጣቢያዎችን ጠቅልሎ ያዘ። በየትንንሹ ከተማ ማማው ቀረ፣ ድምፁ ከሩቅ መጣ።

የማኅበር ባለቤትነትም ግን መብራት አይከፍልም። ጥቂት ሺህ ሰው የሚያዋጣው መዋጮ ለሦስት ሸለቆ ማሰራጫ አይበቃም፤ እንዲህ ያሉ የገጠር ጣቢያዎች የኖሩት በፌዴራል መንግሥት ድጎማ ነበር። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 የአሜሪካ ምክር ቤት ለሕዝብ ስርጭት ለሁለት ዓመት መድቦት የነበረውን 1.1 ቢሊዮን ዶላር ሲሰርዝ በትር የበረታው በእነርሱ ላይ ነው። የከተማ ጣቢያ ከበርካታ ለጋስ አድማጮቹ ይሰበስባል፤ የተራራ ጣቢያ አድማጩም ለጋሹም ያው ጥቂት ሰው ነው።

በእኛ አገር የማህበረሰብ ሬዲዮ ለማቋቋም የተነሳ አካባቢ፣ ከአዲስ አበባም ሆነ ከውጭ አገር የተወላጆች ማኅበር ገንዘብ የሚያሰባስብ፣ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከስቱዲዮው ነው። ማይክሮፎን፣ ማደባለቂያ፣ ኮምፒውተር፣ ግድግዳ የሚለበጥ ስፖንጅ። ፎቶ የሚነሳው እሱ ነውና ይገባኛል። እኔ ግን ከሸንተረሩ እንዲጀመር እመክራለሁ። በማመልከቻው ላይ ቦታው ከመጻፉ በፊት ቢያንስ ሁለት ከፍታዎችን በእግር ወጥቶ ማየት፤ ጥርት ባለ ቀን የትኞቹ ቀበሌዎች ከዚያ እንደሚታዩ በስም መመዝገብ፤ የማይታዩትንም እንዲሁ። ዓይን ያላየውን ኤፍ ኤም እምብዛም አያገኘውም።

ቀጥሎ መሬቱ። ደህናዎቹ ከፍታዎች ላይ ብዙውን ጊዜ የቴሌኮም ወይም የሌላ ተቋም ማማ ቀድሞ ቆሟል። በዚያ ማማ ላይ በኪራይ መስቀል የመንገድና የመብራት ወጪን ያድናል፤ ሆኖም በቃል የተፈቀደ ነገር ኃላፊ ሲቀየር ይቀራል። ስምምነቱ በጽሑፍ ቢሆን፣ አንቴናው በስንት ሜትር ላይ እንደሚሰቀል፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩን ማን እንደሚያስነሳ፣ ሌሊት ብልሽት ቢደርስ የግቢውን ቁልፍ ማን እንደሚሰጥ ቢጠቅስ ይሻላል። ጣቢያው በራሱ መሬት ላይ ማማ ካቆመ ደግሞ የመብረቅ መከላከያው ከማሰራጫው ጋር እኩል በጀት ይያዝለት። በደጋ ጫፍ ላይ የቆመ ረጅም ብረት መብረቅ ይጠራል፤ ወደ መሬት የሚወርደው መዳብ ቀጭን ወይም ድንጋይ ላይ የቆመ ከሆነ በመጀመሪያው ክረምት የሚቃጠለው ማሰራጫው ነው፤ መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው።

ለቆላው ደግሞ ዋናው ማሰራጫ እንደማይደርስ ከመጀመሪያው ተቀብሎ መነሳት ይበጃል። ከማዶ ያለው ሸንተረር ላይ፣ ከላይኛው ጣቢያ የሚመጣውን የሚያይና ወደ ሸለቆውም የሚያይ ቦታ ተፈልጎ፣ ጥቂት አሥር ዋት ያለው ትንሽ ሪፒተር በፀሐይ ኃይል ሊሠራ ይችላል። በሌላ ሞገድ መሥራት ስላለበት የራሱ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ከዋናው ማመልከቻ ጋር አብሮ ቢጠየቅ ይሻላል። በኋላ ሲጠየቅ ጥሩው ሞገድ ለሌላ ተሰጥቶ ሊገኝ ይችላል።